አፍንጫ ሲታፈን፦ ሳይነስና አለርጂን በጅማ አየር፣ በቤት ባለ ነገር መቆጣጠር

«ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ነገር ጅማ ውስጥ በየቤቱ ይሰማል። ግንባሩን ያመመውም፣ አፍንጫው የታፈነበትም፣ ማለዳ ከአልጋው ሳይወርድ ደጋግሞ የሚያስነጥሰውም ሁሉም ሳይነስ ነው የሚለው። ስሙ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ይመስላል። አለርጂ ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ያለ ጥቅም ይውጣል፣ ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት የሚያሠቃየው ባህር ዛፍ ይታጠናል፣ እውነተኛው ሳይነስ የያዘው ደግሞ «አይድንም» ተብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አብዛኛው ግን ቤት ውስጥ በትክክል ከተያዘ በደንብ ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ጨው፣ በደንብ የፈላ ውሃ፣ አንድ ሲሪንጅ እና ለመኝታ የሚሰጥ ጥንቃቄ ናቸው።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ሳይነስ በመሠረቱ የሰውነት ክፍል ስም ነው። በግንባር፣ በጉንጭ አጥንት፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተኋላ አየር የያዙ አራት ጥንድ ክፍት ቦታዎች አሉ። እነዚህ ቦታዎች ቀኑን ሙሉ ቀጭን ንፍጥ ያመነጫሉ፤ ንፍጡም በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን በጉንፋን ወይም በአለርጂ ትንሽ ሲያብጥ ይደፈናል። ንፍጡ መውጫ ሲያጣ ይወፍራል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ ሲቆይም ባክቴሪያ ይራባበታል። እዚህ የምንጽፈው ሁሉ ያቺን ቀዳዳ ክፍት ለማቆየት ነው።

የአለርጂ ዋናው ምልክት ማሳከክ ነው። አፍንጫ፣ ዓይን፣ ላንቃ፣ አንዳንዴም ጆሮ ውስጥ ያሳክካል። ማስነጠሱ በተከታታይ ይመጣል፣ ፈሳሹ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ትኩሳት የለውም። ልጅ ከሆነ አፍንጫውን ጠጋ ብለው ይዩት። አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ወደ ላይ እየገፉ የሚያሹ ልጆች፣ ለስላሳው የአፍንጫ ጫፍ ከጠንካራው አጥንት በሚገናኝበት ቦታ አግድም የተሰመረ ቀጭን መስመር ያወጣሉ። ያ መስመር ከታየ፣ ከዓይናቸው ሥር ጥቁረት ካለና በአፋቸው ከተነፈሱ አለርጂን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ጉንፋን በ7 እና በ10 ቀን መካከል ይሻለዋል። ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ከቆየ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ እንደገና ከባሰ፣ ንፍጡ ወፍራም ከሆነ፣ ጎንበስ ሲሉ ጉንጭና ግንባር ላይ ከባድ ነገር የተጫነ ያህል ከተሰማ፣ ሽታ መለየት ካቃተና የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ካመመ የሳይነስ መቆጣት ነው። ከ12 ሳምንት በላይ ሲዘልቅ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ያን ጊዜ የቤት እንክብካቤው እንዳለ ሆኖ ሐኪም ማየት አለበት። የንፍጥ ቀለም ብዙ ሰው ያታልላል። ተራ ጉንፋንም በሦስተኛና በአራተኛ ቀን ቢጫና አረንጓዴ ንፍጥ ያመጣል፤ ቀለሙ ብቻውን አንቲባዮቲክ ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም።

አፍንጫው ክፍት ሆኖ፣ ሽታ እየለየ፣ ወፍራም ንፍጥ ሳይኖር በአንድ ወገን የሚወጋ፣ ብርሃንና ጫጫታ የሚያስጠላ፣ የሚያቅለሸልሽ «የሳይነስ ራስ ምታት» ብዙ ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። ለእሱ ከዚህ በታች ያለው አይጠቅመውም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

የጨው ውሃ እጥበት

ከቤት መፍትሔዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው። የጨው ውሃ ወፍራሙን ንፍጥ አላቅቆ ያወጣል፤ አቧራውን፣ የጭሱን ጥላሸትና አለርጂ የሚቀሰቅሰውን ብናኝ ሽፋኑ ላይ ሳይቆይ ያጥባል፤ እብጠቱንም በመጠኑ ያረግባል። ለአለርጂውም ለሳይነሱም ይሠራል። የማይሠራላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ወይም ጨውን ያላግባብ ያዘጋጁ ናቸው።

ስለ ውሃው አጥብቀን እንናገራለን። የሚጠጣ ውሃ ሁሉ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ሆድ ውስጥ ቢገባ በጨጓራ አሲድ የሚሞት ጀርም አፍንጫ ውስጥ አሲድ አያገኘውም። በሞቃት የወንዝና የኩሬ ውሃ፣ አንዳንዴም በቧንቧ ውሃ ውስጥ ሊኖር የሚችል ኔግሌሪያ የሚባል አሜባ አለ፤ ሲጠጣ ምንም አያደርግም፣ በአፍንጫ ከገባ ግን ወደ አንጎል ወጥቶ ይገድላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ግን ማፍላት ብቻ የሚያስቀረውን አደጋ መድፈር አያስፈልግም። ስለዚህ የቧንቧም፣ የጉድጓድም፣ የጣሪያ ዝናብም፣ ክሎሪን የተጨመረበትም፣ የታሸገም ውሃ ይፈላል። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እንፋሎት ሲያዩ ሳይሆን ከሥሩ ጀምሮ ሲንተከተክ መቁጠር ይጀምሩና 5 ደቂቃ ሙሉ ያፍሉት።

ለአንድ ቀን የሚበቃው ግማሽ ሊትር ነው። ሲፈላ ስለሚቀንስ ከ600 ሚሊ ሊትር በትንሹ ከፍ አድርገው ይጣዱ። ክዳኑን ሳያነሱ ያቀዝቅዙት። በእጅ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማዎ ልክ ነው። ሙቅ ውሃ ሃይላንድ ላይ አይገልብጡ፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ መጠኑም ይዛባል። ሃይላንዱን አስቀድመው በፈላና በበረደ ውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ የግማሽ ሊትሩን ልክ ያድርጉበት።

ጨው፦ ደቃቅና ደረቅ፣ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ 5 ግራም ገደማ ማለት ነው። ሻካራ ጨው ከሆነ መጀመሪያ ይፈጩት፤ ሻካራው በማንኪያው ውስጥ ክፍተት ስለሚተው መጠኑን ያሳንሰዋል። አዮዲን ያለው የገበያ ጨው ይሆናል፤ የሚቆጠቁጠው ሰው ካለ አዮዲን የሌለበትን ይፈልግ። በዚህ ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ይለሰልሳል፣ ወፍራም ንፍጥም ያቀጥናል። ሶዳው ከሌለ ይቅር። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች አለበትና አይጨመርም። ጨው እስኪሟሟ ይበጥብጡ፤ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከታየ የላይኛውን ብቻ በጥንቃቄ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ይገልብጡ።

መግፊያው ከፋርማሲ የሚገዛ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፤ መርፌው ወዲያው ይጣል። 50 ሚሊ ሊትር ካገኙ የተሻለ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና እንዲህ ያድርጉ፦

1. ሳፋ ወይም የእጅ መታጠቢያ ላይ ከወገብዎ ጎንበስ ይበሉ። አገጭዎን አያንሱ፤ ፊትዎ ወደ ታች ይሁን።
2. ራስዎን ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉ፣ የላይኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ይሞላል፣ ከታችኛው ይወጣል።
3. አፍዎን ይክፈቱ፣ በአፍዎ ብቻ ይተንፍሱ። «ካ… ካ…» እያሉ ከቆዩ የጉሮሮው በር ስለሚዘጋ ውሃው ወደ ኋላ አይወርድም።
4. የሲሪንጁን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያስገቡ። አቅጣጫው ወደዚያው ወገን ዓይን ውጫዊ ጥግ እንጂ ወደ መካከለኛው ግድግዳ አይሁን።
5. በዝግታ ይግፉ፤ 20 ሚሊ ሊትሩ 5 ሰከንድ ያህል ይውሰድ። ለአንድ ወገን አምስት ጊዜ ይድገሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይዙሩ።
6. ሲጨርሱ ጎንበስ እንዳሉ ራስዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ፤ ቀሪው ውሃ ይወርዳል። ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት አድርገው በቀስታ ይናፈጡ። አንዱን ዘግተው በኃይል ከናፈጡ ውሃው ወደ ጆሮ ይሄዳል።

የሚያጋጥመው ችግር የታወቀ ነው። እንደ ሚጥሚጣ ካቃጠለ በአብዛኛው ጨው ስላነሰ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ጨው ይቀንሳል፣ ይብስበታል። ባዶ ውሃ ሽፋኑን ያሳብጣል፣ የጨዋማው ልክ ግን ለሰውነት ፈሳሽ የቀረበ ነው። ልኩን ጠብቀው ሁለት ሦስት ቀን ከተለማመዱ በኋላም የሚያቃጥል ከሆነ ሶዳውን ይጨምሩ ወይም ጨውን ወደ ሦስት አራተኛ ማንኪያ ዝቅ አድርገው ይዩ። ግንባር ላይ ድንገተኛ ሕመም ከተሰማ ውሃው ቀዝቅዟል። ጆሮ ከደፈነ ግፊቱ በዝቷል ወይም በመሃሉ ምራቅ ውጠዋል። ምንም ካላለፈ አፍንጫው ጭራሽ ተደፍኗል፤ በግድ አይግፉ፣ መጀመሪያ ሙቅ ፎጣ ፊት ላይ አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ከሰዓታት በኋላ ጎንበስ ሲሉ ውሃ ጠብ ቢል አይደንግጡ፤ ሳይነስ ውስጥ የቀረው ነው። በዚሁ ምክንያት ሊተኙ ሲሉ ሳይሆን ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይታጠቡ።

ሕመሙ ሲበረታ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሲቀል አንድ ጊዜ፣ ደህና ሲሆኑ አቧራና ጭስ ባለበት በዋሉበት ቀን ብቻ። የተዘጋጀው ውሃ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የቀረው ይደፋል። ሲሪንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተለቃልቆ፣ መግፊያው ወጥቶ ይደርቃል፤ ላስቲኩ መያዝ ሲጀምር በአዲስ ይተካል። ለአንድ ሰው አንድ ሲሪንጅ፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይዋዋሱም። ጆሮው የሚመግል፣ በቅርብ ጊዜ የአፍንጫ ቀዶ ጥገና ያደረገ ወይም አፍንጫው የሚደማ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። ለሕፃን በሲሪንጅ አይገፋም፤ በጠብታ ማድረጊያ ሁለት ሦስት ጠብታ የጨው ውሃ በየቀዳዳው ይበቃል።

ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ ወደ አፍንጫቸው የሚስቡ ወገኖቻችን ይህንኑ ጥንቃቄ ለውዱእም ቢያውሉት እንመክራለን። አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ በተከደነ ጆግ ማስቀመጥና ለአፍንጫው ክፍል ከእሱ መጠቀም ቀላል ነው። በረመዳን የጨው ውሃ እጥበቱን ከኢፍጣር በኋላና ከሱሁር በፊት ማድረግ ይቻላል፤ ጠብታ ወደ ጉሮሮ ሊወርድ ስለሚችል ቀን ላይ ባይሆን ይሻላል።

መኝታ ቤቱ

ጠዋት ሲነሱ የሚብስ፣ ከቤት ወጥተው ፒያሳ ወይም መርካቶ ሲደርሱ የሚቀልል ማስነጠስ መነሻው አልጋው ነው። ደስት ማይት የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ ይኖራል፤ የሚበላው ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። አይናከስም። አለርጂ የሚያስነሳው ኩሱና የሞተ ገላው ነው። እርጥበት ይወዳል፤ ከ50 በመቶ በታች በሆነ የአየር እርጥበት ግን ይደርቃል፣ ይሞታል። ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም በማይለየው የጅማ አየር እንዴት እንደሚመቸው መገመት አያስቸግርም። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተሠርቶ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናትም በከተማው ነዋሪ ዘንድ የዚህ ተባይ አለርጂ ከደረት ሲር ሲር ማለት ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል።

አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ለብ ያለ ውሃ ተባዩን አይገድልም፤ 60 ዲግሪ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ከሌለ መለኪያው ይኸው፦ ሁለት እጅ የሚፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ጋር ሳፋ ላይ ሲቀላቀል 70 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ልብሱ ሲገባበት ወደ 60 ይወርዳል። በዱላ ወደ ውስጥ ተጭነው፣ በላስቲክ ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ እንደተለመደው በኦሞ ይጠቡ። ሳፋው መሬት ላይ ከሆነ ልጆች ወደዚያ እንዳይደርሱ ያድርጉ። ቀለሙን የሚለቅ ወይም ሙቅ ውሃ የማይችል ጋቢና ብርድ ልብስ በቀዝቃዛም ይታጠብ፤ ተባዩ ባይሞትም ኩሱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ለአለርጂው ዋናው እሱ ነው።

ፍራሹን ማጠብ አይቻልም፤ መሸፈን ግን ይቻላል። ከገበያ በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ፕላስቲክ ፍራሹን ዙሪያውን እንዲያለብስ አድርገው ይቁረጡ፣ መገጣጠሚያውን በሰፊ ፕላስተር ያሽጉ፣ በላዩ የጥጥ አንሶላ ያንጥፉ። ስፖንጅ ፍራሹ እርጥበት ካለው አስቀድሞ ሁለት ሦስት የፀሐይ ቀን ውጭ ይዋል፤ እርጥብ ስፖንጅ በፕላስቲክ ከታሸገ ውስጡ ይሻግታል። ትራሱንም እንዲሁ ይሸፍኑ። የጥጥ ትራስ ዓመታት ከቆየ አውጥቶ ጥጡን መቀየር ይሻላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐዩ ሲጠነክር ፍራሽና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ ውጭ ቢሰጣ ብዙ ይረዳል። ሲደበደብ ግን አለርጂ ያለበት ሰው አይደብድብ፤ አጠገቡም አይቁም።

በክረምት ትልቁ ጠላት ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ ነው። ከአንድ ሳፋ እጥበት የሚወጣው ውሃ ሁሉ ወደ ክፍሉ አየር ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ሻጋታ ያበቅላል። በረንዳው ላይ ከቆርቆሮው ሥር ገመድ መወጠር፣ ያ ካልሆነ ቢያንስ ሰው በማይተኛበት ክፍል ማስጣትና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ቁም ሳጥንና አልጋ ከጭቃ ግድግዳ በአንድ ጋት ያህል ይራቁ፤ ሻጋታው መጀመሪያ የሚበቅለው አየር በማይደርስበት በዚያ ጀርባ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ከታየ ቆርቆሮው አፍስሷል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ሻጋታውን መጥረግ ድካም ብቻ ነው። የወጣውን ሻጋታ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ አንድ ስኒ በረኪና በአሥር ስኒ ውሃ በጥብጠው ይጥረጉ። መስኮቱ ክፍት፣ አለርጂ ያለበት ሰው ውጭ ይሁን። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን ከመሬት ወደ አፍንጫ ማንሳት ነው። ውሃ ይርከፍከፍበት ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማም በማግስቱ ይውጣ፤ ደርቆ ሲረጋገጥ ይፈረፈራል፣ እርጥበት ይዞ ሲቆይም ይሻግታል። ድመትና ዶሮ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደሩ።

ቡና፣ እጣንና አቧራ

ቡናን መተው ጅማ ላይ ማንም አይመክርም፤ አያስፈልግምም። አፍንጫን የሚጎዳው የቆላው ጭስና እጣኑ ነው። ይህ ጭስ አለርጂ አይደለም፣ በአለርጂ ያበጠን ሽፋን ግን ይበልጥ ያስቆጣል። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በር አጠገብ ይቆላ፤ እጣኑ ሰው ከተሰበሰበበት ክፍል ውጭ ትንሽ ይጨስ። «ጭሱን ሰብስቡ» ሲባል የታመመው ሰው ባለጌ ሳይባል ከነፋሱ በላይ ቢቀመጥ ይቀበሉታል፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም አይቀርበትም። ትኩሱ ስኒ ራሱ እንፋሎቱ አፍንጫን ለጊዜው ይከፍታል። የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ከአፍንጫውም በላይ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» ለእነዚህ ሰዎች ክፉ ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ግን በዚያ ማለዳ በርና መስኮት ዘግቶ ቢቆይ፣ ማታ አፍንጫውን ቢታጠብ ይሻላል። ለመስከረም 16 ደመራም እንዲሁ፤ ከነፋሱ በላይ ይቁሙ።

ከጥቅምት ጀምሮ የደረቀ ቡና መፈልፈያ ቤት፣ መጋዘንና ለቀማ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለብቻቸው ሊታሰቡ ይገባል። የጥሬ ቡና ብናኝ ራሱን የቻለ አለርጂ ያመጣል፤ ሠራተኛው በሥራ ቀን እያስነጠሰ በዕረፍት ቀን ደህና ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው። የጅማን በርጩማና ወንበር የሚሠሩ አናጢዎች የእንጨት ብናኝም እንዲሁ። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽ፣ እርጥብም ቢሆን፣ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ኤን95 የሚባለው ጭምብል የአፍንጫው ሽቦ ተጭኖ፣ ጢም ሳይከለክለው ከፊት ጋር ሲገጥም ነው የሚሠራው። ከሥራ ሲመለሱ ልብሱ ደጅ ላይ ይውለቅ፣ ፀጉር ይታጠብ፣ ከዚያ የጨው ውሃው።

ከጓዳ የሚወጣው መድኃኒት

በባህር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለጊዜው ያቀልላል፤ በሽታውን አያድንም። ከፈለጉት ጎድጓዳው ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው ከእሳት ከወረደ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ፊትዎ በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ዓይን ይጨፈን፣ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ጭን ላይ ይዘው ብርድ ልብስ ውስጥ የሚታጠኑ ሰዎች ናቸው የሚቃጠሉት። ልጅ በዚህ መንገድ አይታጠንም፤ አስም ያለበትም ሰው ጠንካራው ሽታ ደረቱን ሊዘጋበት ይችላል። ያለ አደጋ ተመሳሳይ እፎይታ የሚሰጠው በሙቅ ውሃ ተጨምቆ ጉንጭና ግንባር ላይ ለ10 ደቂቃ የሚደረግ ፎጣ ነው።

ዝንጅብል በማር፣ የዳማ ከሴ ወይም የጤና አዳም ሻይ፣ የዶሮ ሾርባ፦ ሙቀታቸውና ፈሳሽነታቸው ንፍጥ ያቀጥናል፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ይጠጡ። ነፍሰ ጡር ግን ጤና አዳም አትጠጣ። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የአካባቢ ማር በየቀኑ መላስ አለርጂን ያድናል የሚባለው አልተረጋገጠም፤ የጅማ ማር ለጣዕሙ ይበላ።

አፍንጫ ውስጥ የሚጨመሩት ግን ያሳስቡናል። የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የፌጦ ዱቄት፣ የሚጥሚጣ ሽታ ወዲያው ውሃ ስለሚያስወርዱ «አጠበልኝ» ያሰኛሉ። የወረደው ውሃ የተቃጠለ ሽፋን ዕንባ ነው፤ በማግስቱ እብጠቱ ጨምሮ ይገኛል። ቅቤና ዘይት ማንጠባጠብ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ሳንባ ወርዶ የማይለቅ የሳንባ ምች ያመጣል። በበጋ አቧራ አፍንጫው ለሚደርቅና ለሚደማ ሰው በትንሽ ጣት ጫፍ የተቀባ ቫዝሊን በቀዳዳው ከንፈር ላይ ብቻ ይበቃል። ቪክስ ደረት ላይ ይቀባል፤ አፍንጫ ውስጥ አይገባም፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅም አይሆንም።

ከፋርማሲ ሲገዙ

ለአለርጂ ሎራታዲን ወይም ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለአዋቂ የተለመደው መጠን ነው። ማሳከክና ማስነጠስ ያቆማል፣ መታፈንን ግን ብዙም አይረዳም። ክሎርፌኒራሚን ርካሽ ነው፣ ግን እንቅልፍ ያስይዛል፤ ባጃጅ የሚነዳ፣ ወፍጮና መጋዝ ላይ የሚሠራ ሰው አይውሰደው።

አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍቱት ጠብታዎች፣ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የሚል የተጻፈባቸው፣ ከ3 ቀን፣ ቢበዛ ከ5 ቀን በላይ አይወሰዱም። ከዚያ ካለፈ ሽፋኑ ያለ ጠብታው መክፈት ያቅተዋል፣ ጠብታው ሲያልቅ ከበፊቱ የባሰ ይታፈናል፣ ሰውዬው ሌላ ይገዛል። ዓመት ሙሉ ኪሱ ይዞት የሚዞር ሰው ካወቁ ችግሩ አሁን ጠብታው ራሱ ነው። ለማቆም በመጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ ያቁሙ፣ እሱ ሲከፈት ሁለተኛውን፤ በመሃሉ የጨው ውሃውን ያዘውትሩ።

ለዘለቀው አለርጂ ትክክለኛው መድኃኒት እንደ ቤክሎሜታዞን ወይም ፍሉቲካዞን ያለው እብጠት የሚያረግብ የስቴሮይድ ስፕሬይ (አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ) ነው። ወዲያው አይሠራም፤ በደንብ ለመሥራት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ሰው በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል። ከጨው ውሃ እጥበት በኋላ ይነፋ። በቀኝ እጅ ግራውን፣ በግራ እጅ ቀኙን ይንፉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሁን። መካከለኛውን ግድግዳ ከመታ ያደማል። በኃይል ከሳቡት ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ምሬቱ ከተሰማዎ ባከነ ማለት ነው። «ለአለርጂ» ተብሎ ያለ ሐኪም በየወሩ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ስቴሮይድ፣ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን፣ ግን ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ይሸረሽራል።

የማይቆየው

ዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ትኩሳት ካለው ከባድ ራስ ምታት ጋር አንገት ከደረቀ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። 39 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳትና የፊት ሕመም ሦስት አራት ቀን ከቀጠለ፣ ደረት ሲር ሲር ካለና ትንፋሽ ካጠረም አይቆይ። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ለሳምንታት የሚወርድበት ሰው ከአንገት በላይ ሐኪም ይመርምረው። በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ያለበት አዋቂ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሱን ያሳይ፤ የበሰበሰ ጥርስ ሥሩ ሳይነስ ውስጥ ይመግላል፣ ጥርሱ ሳይታከም ሳይነሱ አይድንም። ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሱ ያስገባው ባቄላ፣ የቡና ፍሬ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ነው። በወረንጦ ለማውጣት አይሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በጨው ውሃም አይጠቡት፣ ባቄላው ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና።